ሥዕልና ዲዛይን ለኅብረተሰብ፦ ከምረቃ በኋላ እንዴት እንሥራ?

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን የመጨረሻ ዓመት ላይ የደረሰ ተማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። ጥያቄውን ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ማታ ማታ ደግሞ ራሳችንን እንጠይቃለን። «ስትመረቅ ምን ልትሠራ ነው?» የሚል ነው። መልሳችን ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ግማሾቻችን «ማስታወቂያ ድርጅት እገባለሁ» እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ሥራ እሠራለሁ» እንላለን። ሁለቱን መልሶች ስንናገር ግን የመጀመሪያው እንጀራ፣ ሁለተኛው ጽድቅ እንደሆነ አድርገን ነው። እንጀራው በሥራ ቀን፣ ጽድቁ በእረፍት ቀን ማለት ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ አከፋፈል ትክክል እንዳልሆነ ማሳየት ነው። በእኔ እምነት ለኅብረተሰብ መሥራት ማለት በነፃ መሥራት ማለት አይደለም። የሥራው ርዕስ ጤና ወይም ትምህርት መሆኑም ብቻውን አይበቃም። ለኅብረተሰብ መሥራት አንድ የአሠራር ልማድ ነው። ልማዱም ሥዕሉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለሚያየው ሰው ማሳየት፣ ያ ሰው ያየውን መስማትና በሰማነው መሠረት ማረም ነው። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ቀጥሎ በአገራችንና በሌሎች አገሮች ከተደረጉ ጥናቶችና ሥራዎች ጥቂቶቹን እጠቅሳለሁ። በመጨረሻም ሁላችንም የምንፈራውን የገንዘብ ጉዳይ አነሳለሁ።

2. የራሴ ጥፋት

ሦስተኛ ዓመትን ጨርሼ ለተግባር ልምምድ አንድ የማስታወቂያና የኅትመት ሥራ ቤት ገብቼ ነበር። እንደማንኛውም ልምምድ ወጪ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ስም በመቀያየር ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቁም ነገር ያለው ሥራ ተሰጠኝ። ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የሚያስተምር ፖስተር ነው። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ የሚያስፈልገው አራት ሥዕል ነው። አንደኛው እጅ መታጠብ፣ ሁለተኛው ኦ.አር.ኤስ.ን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ፣ ሦስተኛው ለሕፃኑ በኩባያና በማንኪያ ማጠጣት፣ አራተኛው ደግሞ በጡጦ አለማጠጣት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ለመሣል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አራተኛው ግማሽ ሰዓት አልወሰደም። ጡጦ ሣልኩና በላዩ ላይ ወፍራም ቀይ ኤክስ አደረግሁበት። ኤክስ የማያውቅ ማን አለ? አሠሪዬ አይተው «ጥርት ያለ ነው» አሉ፤ ሥራውን ያዘዘው ክፍልም ፈረመበት፤ ሁለት ሺህ ኮፒ ታተመ። ስሜ አልተጻፈበትም፤ ቢሆንም አንድ ኮፒ ወስጄ ዶርም ውስጥ አልጋዬ በላይ ለጥፌው ነበር።

ክረምት ላይ ወደ ቤተሰቦቼ አገር፣ ወደ ሰሜን ሸዋ ሄድኩ። አንድ ቀን ከታናሽ እህቴ ጋር ጤና ኬላ ስንገባ የእኔ ፖስተር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁ። ደስታዬን መግለጽ አልችልም። አጠገባችን አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ተራ ይጠብቁ ስለነበር «እማማ፣ ይሄ ሥዕል ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የጠየቅኋቸው ለማወቅ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ለመመስገን ነው።

እሳቸውም አንድ በአንድ ነገሩኝ። «ይቺ እጇን ትታጠባለች። እዚህ ጋ መድኃኒቱን ትበጠብጣለች። እዚህ ጋ ልጁን ታጠጣዋለች።» አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ጡጦው ላይ አድርገው «ይሄ ደግሞ ጡጦው ነው። የቀይ መስቀል ምልክት አለበት፤ ሐኪም የፈቀደው ነው። ከሱቅ የሚገዛው አይሆንም ማለት ነው» አሉኝ።

ክው አልኩ። «ኧረ እማማ፣ በጡጦ አታጠጡ ማለት እኮ ነው!» አልኳቸው። ሥዕሉንም እኔንም ደጋግመው አዩና «ታዲያ ልጄ፣ አታጠጡ ካላችሁ ለምን ሣላችሁት?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው አጣሁ። ኤክስ ማለት «ስህተት» እንደሆነ እኛ የተማርነው ከደብተራችን ላይ ነው፤ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ እያደረጉብን። ደብተር ይዞ የማያውቅ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? እሳቸው በሚያውቁት ዓለም የተሻገሩ ሁለት ቀይ መስመሮች የሚታዩት አምቡላንስ ላይ ነው። ሥዕሌ ጭራሽ ባይገባቸው ይሻል ነበር። ገብቷቸዋል፤ የገባቸው ግን ተቃራኒው ነው። ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ የሐኪምን ክብር ተጎናጽፎ፣ «በጡጦ አጠጡ» እያለ ነው። የታመመ ሕፃን በቆሸሸ ጡጦ ሲጠጣ ተቅማጡ እንደሚብስበት ደግሞ ማንም የጤና ባለሙያ ይነግረናል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገሩን ስነግራት ፖስተሩን አላወረደችውም። አራተኛውን ሥዕል በነጭ ወረቀት ሸፈነችውና «የቀረው ጥሩ ነው» አለችኝ። ከተማ ተመልሼ ለሥራ ቤቱ ስናገር ግን «አሁን ምን ይደረጋል፣ ተከፍሎበታል፣ ተሠራጭቷል» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። የቀሩት የት የት እንደተለጠፉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

3. ሥዕል ለሁሉም ይነበባል ወይ?

«ሥዕል የዓለም ቋንቋ ነው» ሲባል ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ሰምተናል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ አገራችን ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። ዴሬጎውስኪ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩትን የሜኤን ሰዎች የሚመለከት ነው። በዚያን ጊዜ ሰዎቹ ከሥዕል ጋር ብዙም ትውውቅ አልነበራቸውም። ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ወረቀቱን አሸተቱት፣ አሻሹት፣ ቀመሱት። ሥዕሉን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ለእነሱ አዲሱ ነገር ወረቀቱ ነበርና። ተመራማሪዎቹ በዚህ ምክንያት የእንስሳት ሥዕሎችን በሚያውቁት ነገር፣ ማለትም በጨርቅ ላይ አድርገው አሳዩዋቸው። ያን ጊዜ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ። አንዳንዶቹ የለዩት ቀስ በቀስ፣ ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን እየቆጠሩ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አካል ያለው ነገር፣ ነብርም ይሁን ድስት፣ በሥዕል ይታወቃል፤ አባባሉ እውነት የሆነው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሥዕሉ የቀረበበት ነገር እንግዳ ከሆነ ሰው ከሥዕሉ በፊት እሱን ያያል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ዩኒሴፍ በኔፓል መንደሮች ያስጠናው ጥናት ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያሳየናል። በዚያ ጥናት ጥላና ዝርዝር ያለባቸው ሥዕሎች በጥቂት መስመር ብቻ ከተሣሉ ሰዎች በተሻለ ታውቀዋል። እኛ «ቀለል ያለ ሥዕል ላልተማረ ይቀላል» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከዚህም ባሻገር በተርታ የተደረደሩ ሥዕሎችን ከግራ ወደ ቀኝ ተከታትሎ አንድ ታሪክ አድርጎ ማንበብ በራሱ የሚመጣ ችሎታ አለመሆኑ ታይቷል። ከግራ ወደ ቀኝ መሄድን የሚያስተምረው ፊደል ነውና። በጤና አስተማሪዎች ዘንድ በብዙ አገር የሚነገር ጨዋታም አለ። አስተማሪው ዝንብን አጉልቶ ሥሎ ስለ በሽታ ሲያስረዳ፣ መንደርተኛው «እኛ አገር እንዲህ የሚያህል ዝንብ ስለሌለ አንሰጋም» አለ ይባላል።

እንግዲህ «አይሆንም»፣ «በፊት»፣ «በኋላ»፣ «ከዚህ ወደዚያ»፣ «ጎልቶ የታየ» የሚሉት ሐሳቦች አካል የላቸውም። ኤክሱ፣ ቀስቱ፣ ቁጥሩ፣ ማጉያ ክቡ ሁሉ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱን ደግሞ ያልተካፈለ ሰው አያውቀውም። የእኔ ጡጦ ታውቋል፤ ያልታወቀው ኤክሱ ነው።

ይህን ስል ግን ሕዝባችን ሥዕል ማንበብ አይችልም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በአገራችን ሥዕልን የማንበብ ረጅም ልማድ አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ሲታይ፣ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ በረድፍ በረድፍ የሚያሳዩት ሥዕሎችም የታወቁ ናቸው። ይህ ሁሉ ስምምነት ነው፤ ሠዓሊውም ተመልካቹም ያውቁታል። ታዲያ በዚህ ልማድ ያደጉ አዛውንት ፊት «ጎበዝ ገበሬ» ብለን አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው በጎን ሥለን ብናቀርብ ምን ይሉ ይሆን? ምናልባት ምንም አይሉም፤ ምናልባት ግን ቅር ይላቸዋል። የምናውቀው ስንጠይቅ ብቻ ነው።

4. ከእኛ በፊት የሠሩ

ይህን መንገድ እኛ የመጀመሪያ ሆነን አንጀምረውም። ቀድመው ከሄዱበት ውስጥ ሦስቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያዋ ማሪ ኖይራት ናት። ከባልዋ ከኦቶ ኖይራት ጋር በቪየና የተጀመረውን፣ ቁጥርንና መረጃን በትናንሽ ምልክቶች የማሳየት ዘዴ (አይሶታይፕ ይባላል) ይዛ ኖራለች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የምዕራብ ናይጄሪያ ክልል መንግሥት ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርትና ስለ እርሻ ለሕዝቡ የሚያስረዱ ኅትመቶች ፈልጎ ሥራው ለእሷ ተሰጠ። በአውሮፓ የተለመዱት ምልክቶች በእጇ ነበሩ። እሷ ግን እዚያው ድረስ ሄዳ የሰዉን አለባበስ፣ ቤቱን፣ ሰብሉን አይታ ምልክቶቿን ለወጠቻቸው። ዘዴው «ለዓለም ሁሉ» የተባለ ነበር፤ ሆኖም ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ እንደማይለብስ ገብቷት ነበር።

ሁለተኛው ዴቪድ ወርነር ነው። በሙያው ሐኪም አልነበረም፤ የሥነ ሕይወት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች ሄዶ ከመንደር ጤና ሠራተኞች ጋር ሲሠራ ቆየ። ሐኪም በማይደረስበት ቦታ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚረዳ የሚያስተምር መጽሐፍ በስፓኒሽ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝኛ አዘጋጀ። ሥዕሎቹ ተራ የመስመር ሥዕሎች ናቸው፤ የሥዕል ውድድር አያሸንፉም። ነገር ግን መጽሐፉ በብዙ አሥር ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ለትርፍ እስካልዋለ ድረስ ማንም ሰው ሥዕሎቹን እንዲያባዛና ለአካባቢው እንዲስማሙ አድርጎ እንዲለውጣቸው መፈቀዱ ነው። አንድ ሠዓሊ «ሥዕሌን ለውጡት» ሲል ትልቅ ነገር ነው። እኛ አንድ መስመር ሲነካብን የምንቆጣ ሰዎች ልናስብበት ይገባል።

ሦስተኛው ምሳሌ የእኛው ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2006 መተላለፍ ሲጀምር አብዛኞቻችን ገና ልጆች ነበርን፤ ቀጭኔዋን የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ከባለቤቷ ጋር ዝግጅቱን የጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ በሙያዋ አስተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ሥራ የሮሌክስ የወጣቶች ሽልማት አግኝታለች። ልብ በሉ፤ ሥራው የተጀመረው «አሻንጉሊት መሥራት እንወዳለን» ከሚል አይደለም። ሕፃናት ትምህርት ቤት ሳይገቡ በቋንቋቸው የሚማሩበት ነገር ጎደላቸው ከሚል ነው። አሻንጉሊቱ፣ ቀለሙ፣ ዜማው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሦስቱም ውስጥ አንድ ነገር ይታያል። ማንኛቸውም ከስቱዲዮ አልጀመሩም። አንዷ ከቤቶቹና ከእርሻው፣ አንዱ ከተራራው መንደር፣ አንዷ ከክፍል ውስጥ ነው የተነሱት።

5. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከራሴ ጥፋት፣ ከመምህራኖቼና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተማርኩትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሀ) ቀድሞ ቦታውን ማየት። ፖስተሩ የሚለጠፍበት ግድግዳ ጨለማ ነው ወይስ ብርሃን? ሰው ቆሞ ነው የሚያየው ወይስ ሩቅ ተቀምጦ? በፎቶ ኮፒ የሚባዛ ከሆነ ቀይና አረንጓዴው ሁለቱም ግራጫ ስለሚሆኑ በቀለም ብቻ መለየት አይሠራም። በቤቱ ያሉትን ዕቃዎችም ማየት ያስፈልጋል። «አንድ ሊትር»ን ለማሳየት የላቦራቶሪ ብልቃጥ ከመሣል በየቤቱ የሚገኘውን ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ መሣል ይሻላል።

ለ) በእርሳስ እያለ ማሳየት። ያለቀ፣ ቀለም የተቀባ ሥዕል ስናሳይ ሰው «ደከመበት» ብሎ ያዝንልናል፤ አይተችም። በእርሳስ የተሞነጫጨረ ከሆነ ግን «ይሄማ እንዲህ አይደለም» ለማለት አይፈራም። እኛም ለማጥፋት አንሳሳም።

ሐ) «ገባዎት?» ብሎ አለመጠየቅ። ይሉኝታ በሞላበት አገር የዚህ ጥያቄ መልስ ሁልጊዜ «አዎ፣ ገብቶኛል» ነው። ይልቅስ ሦስት ነገር እንጠይቅ። «እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?»፤ «ሰውየው ምን እያደረገ ነው?»፤ «ይህን አይተው ቤት ሲገቡ ምን ያደርጋሉ?» ዋናው ሦስተኛው ነው። ሥዕሉን ያወቀና ትእዛዙን የሳተ ሰው የሚገኘው በሦስተኛው ጥያቄ ነው።

መ) ለየብቻ መጠየቅ፣ ጽሑፉንም መሸፈን። በቡድን ስንጠይቅ ትልቅ ሰው የተናገሩትን ሌላው ይደግማል። ጽሑፉ ካልተሸፈነ ደግሞ ማንበብ የሚችለው ሰው ሥዕሉን ሳይሆን ጽሑፉን ያነብልናል። የክፍል ጓደኛን መጠየቅ አይቆጠርም፤ ኤክሱን እሱም የተማረው ከእኛው ጋር ነው። አሥር ሰው እንኳ ብንጠይቅ ትልልቆቹ ስህተቶች ይወጣሉ። የእኔን ስህተት ያወጡት አንዲት ሴት ናቸው።

ሠ) የተባለውን እንዳለ መጻፍ፣ አርሞ እንደገና ማሳየት። «ሰውየዋ አልገባቸውም» ብሎ መጻፍ ለሥዕላችን ጥብቅና መቆም ነው። «ቀይ መስቀል ነው አሉ» ብሎ መጻፍ ግን መረጃ ነው። የታረመው ሥዕል ደግሞ አዲስ ሥዕል ነውና እሱም መታየት አለበት።

ረ) ሰውን በክብር መሣል። ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ የኢትዮጵያ ምስል በዓለም ፊት ለብዙ ጊዜ አጥንቱ የወጣ ሕፃን ሆኖ ቆይቷል። ምስሉ እርዳታ አምጥቷል፤ ግን የተሣለው ሰው ራሱን በዚያ ምስል ሲያይ ምን እንደሚሰማው የጠየቀ አልነበረም። ስለ ንጽሕና ስናስተምር ቆሻሻዋን እናት ከገጠር፣ ንጹሕዋን ከከተማ አድርገን የምንሥል ከሆነ፣ የገጠሯ እናት ከትምህርቱ በፊት ስድቡን ታነባለች። ስድብ ደግሞ አያስተምርም።

ሰ) ቋንቋን ቀድሞ ማሰብ። በአገራችን አንድ ፖስተር በአማርኛ ተሠርቶ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ይገለበጣል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ በፊደል ቆጠራ ከአማርኛው በጣም ስለሚረዝም፣ ለአማርኛ ልክ የተበጀ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ጽሑፉ ይደቅቃል ወይም ይቆረጣል። አንባቢው ደግሞ ይህን ሲያይ «ለእኛ የተረፈውን ነው የሰጡን» ቢል አይፈረድበትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ረጅሙን ጽሑፍ ይዞ መጀመር።

6. እንጀራውስ?

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ማን ይከፍለኛል?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የቤት ኪራይ በጎ ፈቃድን አያውቅም።

በመጀመሪያ ደረጃ ኅብረተሰቡ የሚገኘው በእርዳታ ድርጅቶች ቢሮ ብቻ አለመሆኑን እናስተውል። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለው መመሪያ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የታክሲ መነሻና መድረሻ ሰሌዳ፣ የባንክ ቅጽ፣ የእድር መዝገብ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ቁጥር፣ ይህ ሁሉ ዲዛይን ነው። ማስታወቂያ ድርጅት የገባ ጓደኛችን የፀረ ተባይ መድኃኒት ማሸጊያ ሲሠራ ገበሬው መጠኑን በትክክል እንዲያነብ ካደረገ፣ ከብዙ «የበጎ አድራጎት» ፖስተር የበለጠ ሠርቷል። ሥራው የትም ይሁን፣ ልማዱን ይዞ መግባት ይቻላል።

ሁለተኛው የዋጋ አጻጻፍ ነው። ዋጋ ስንጠየቅ አንድ ድምር ብቻ እንናገራለን፤ ደንበኛውም ከድምሩ ላይ ይቀንሳል። ይልቅስ በሦስት መስመር እንጻፈው፦ ለጥየቃና ለሙከራ፣ ለሥዕልና ለዲዛይን፣ ለኅትመት ዝግጅት። ሥራው አሥር ቀን የሚፈጅ ከሆነ ሁለቱ ቀን የሙከራ ነው ብለን እናስቀምጥ። ደንበኛው «ሙከራው ይቅር» ካለ ምን እንዳስቀረ ያውቃል። እኔ በልምምድ ላይ ሳለሁ «ሰው የሚከፍለው ለሥዕሉ ነው እንጂ ለወሬው አይደለም» ተብያለሁ። ነገር ግን ሁለት ሺህ ኮፒ እንደገና ከማሳተም ሁለት ቀን ማውራት ይረክሳል፤ ይህን ለደንበኛ በወረቀት ላይ አስልቶ ማሳየት የእኛ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው የነፃ ሥራ ነው። «ለወገንህ አይደል?» ተብለን ያልሠራነው ነገር የለም። ስጦታ መስጠት መልካም ነው፤ ስጦታነቱ ግን ይታወቅ። ሙሉ ዋጋውን ጽፈን ከሥሩ «ለትምህርት ቤቱ ከሠዓሊው የተሰጠ» ብንል፣ ተቀባዩ የሥራውን ዋጋ ያውቃል፤ ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣው ሠዓሊም «የበፊቱ በነፃ ሠርቶልን ነበር» አይባልም። ወር ሙሉ በነፃ ሠርቶ ሙያውን የተወ ሰው ኅብረተሰቡን ለአንድ ወር ብቻ ነው የጠቀመው።

አራተኛው ውል ነው። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። ሆኖም ዝርዝሩን ውል ላይ ማስፈር ለሁሉም ይበጃል። ሥዕሉ የማን ነው? ሌላ ወረዳ ሊያባዛው ይችላል? ማን ይለውጠዋል? ስማችን ይጻፋል? እንደ ወርነር «ለትርፍ ካልሆነ ለውጡት» ማለት የምንችለውም መብቱ በእጃችን ሲሆን ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ አንድ መስክ መርጦ መቆየት ነው። ዛሬ ጤና፣ ነገ እርሻ፣ ከነገ ወዲያ ትራፊክ ከማለት፣ አንዱን ይዞ ከመስኩ ሰዎች ጋር መተዋወቅ ይሻላል። የሕፃናት መጽሐፍ የሚሥል ሰው የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ጓደኛ ሊኖረው ይገባል። አንዳንድ ጓደኞቼ «ኮምፒዩተሩ ራሱ በሰከንድ ሥዕል እያወጣ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» ይላሉ። ኮምፒዩተሩ ኤክስ ያለበት ጡጦ ከእኔ አሳምሮ ያወጣል። ጤና ኬላ ገብቶ እማማን የሚጠይቅለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኛ ልንሆን እንችላለን።

7. ማጠቃለያና አንድ ሐሳብ

ለማጠቃለል ያህል፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ ተምረው ሲመለሱ ለራሳቸው ብቻ ሥለው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በ1950 ዓ.ም. ለሌሎች የሚሆን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። ዛሬ በስማቸው በሚጠራው በዚያ ትምህርት ቤት ያልተማርንም ብንሆን የዚያ ውሳኔ ተጠቃሚዎች ነን። ሁላችንም ትምህርት ቤት መክፈት አይጠበቅብንም። ከእኛ የሚጠበቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ከማተሚያ ቤት በፊት አንድ በር ማንኳኳት።

ያንን ፖስተር በዚህ ዓመት ለክፍል ሥራ እንደገና ሠርቼዋለሁ። አራተኛውን ሥዕል አውጥቼ ጣልኩት። በቦታው ኩባያውንና ማንኪያውን አጉልቼ፣ ሕፃኑን ቀና ብሎ ተይዞ ሲጠጣ አሳየሁ። ጡጦ የሚባል ነገር የለበትም። ይህን መፍትሔ ያገኘሁት ከየትኛውም የዲዛይን መጽሐፍ አይደለም፤ «ታዲያ ለምን ሣላችሁት?» ካሉኝ እማማ ነው። በዕረፍት ወስጄ ሳሳያቸውም ኩባያውን ጠቁመው «በዚህ አጠጡት ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው «እጀታው ግን ተሰብሯል እንዴ?» አሉ። እጀታውን በወዲያኛው በኩል ስለሣልኩት አልታየም ነበር። እሱንም አርሜዋለሁ።

በመጨረሻ ለትምህርት ክፍላችን መምህራን አንድ ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። የመመረቂያ ሥራችንን ስናስረክብ ስለ ቀለም፣ ስለ አቀማመጥ፣ ስለ ፊደል ምርጫ እንጠየቃለን። ከእነዚህ ጋር አንድ ገጽ ብቻ ይጨመርልን፦ ሥራውን ለማን አሳየህ፣ ምን አሉህ፣ ምን ለወጥክ? ይህ ገጽ ባዶ የሆነ ሥራ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ገና ረቂቅ ነው ተብሎ ይመለስ። ይህ ገጽ ከእኔ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያ ፖስተር በሁለት ሺህ ኮፒ ባልወጣ ነበር። እናንት ወደ ልምምድ የምትወጡ ታናናሾቼም እባካችሁ ሥዕላችሁን ስታሳዩ ለመመስገን ብላችሁ አትጠይቁ። ለማወቅ ብላችሁ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።